ቀዝቃዛው ማሽን

ኤልሳዕ ጦና የሞተው ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ በገዛ እጁ በገነባው የማሽን ክፍል ውስጥ ስስ ፍራሽ ላይ እንደተኛ ነው። ባለቤቱ ሩታ ተማሪዎቿን አስፈትና ለምሳ ስትመለስ አገኘችው። ጩኸቷን ሰምተው የደረሱት ጎረቤቶች መጀመሪያ የሞተ አልመሰላቸውም። ከንፈሩና የጥፍሩ ሥር ቀልቷል፤ ፊቱ ላይ የሕመም ምልክት የለም። አንዷ ሴትዮ ውኃ ረጨችበት። ሌላዋ ስሙን እየጠራች ጉንጩን መታ መታ አደረገችው። አልነቃም። አርባ አንድ ዓመቱ ነበር።

አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ አልተቸገረም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሉታል፤ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ሰውን በእንቅልፉ ይወስደዋል። ወሬው ከሆስፒታል ወጥቶ ገበያ ሲደርስ ግን አጥሮ «ማሽኑ ገደለው» ብቻ ሆነ።

ስለዚያ ማሽን ሶዶ ውስጥ ያልሰማ ሰው ጥቂት ነው። የኤልሳዕ እናት የእማማ ፋንታዬ ቤት ከዳሞታ ግርጌ ነው። በሰኔ ጉሙ ከተራራው ወርዶ ጓሮው ውስጥ ይተኛል፤ አንዳንድ ቀን እስከ እኩለ ቀን አይነሳም። እማማ ፋንታዬ አርባ ዓመት ጭስ የበላው ደረትና ብርድ ያጣመማቸው ጣቶች ነበሯቸው። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ልጃቸው ከሚስቱ ጋር ወደዚያ ቤት ተመልሶ ሁለት ዓመት የለፋው ጭስ የሌለበት ሙቅ ቤት ሊሠራላቸው ነው። ከሁለት ላሞች እበት የሚወጣው ጋዝ ከቤቱ ጀርባ ባለ ትልቅ የላስቲክ ከረጢት ይጠራቀማል። ፊውል ሴል የሚባለው ሣጥን ከዚያ ጋዝ ሃይድሮጅን አውጥቶ ያለ ነበልባል መብራት ያመነጫል፤ የራሱ ትኩሳት ደግሞ ውኃ ያሞቃል። መብራቱ ሂት ፓምፕ የሚባለውን ሁለተኛ ሣጥን ያንቀሳቅሳል።

«እማዬ፣ ፍሪጅ ከሆዱ ሙቀት አውጥቶ ወደ ውጭ ይጥል የለ? ይሄ ግልባጩ ነው» ይላቸው ነበር። «ውጭ ብርዱ ውስጥ የቀረችውን ሙቀት ለቃቅሞ ወደ አንቺ ያመጣል።»

እማማ ፋንታዬ ነገሩ አይገባቸውም፤ ግን ጠዋት ጠዋት ግድግዳውን በመዳፋቸው ይነኩና ለብቻቸው ይስቁ ነበር።

ዋና ኢንስፔክተር የትምወርቅ የተጠራችው አርብ ጠዋት ነው። ከሐዋሳ ተዛውራ ሶዶ ከገባች ገና አንድ ወሯ ነበር። ሃምሳውን ያለፈች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማትናገር፣ ሰው ሲናገር ከፊቱ ይልቅ እጁን የምታይ ሴት ናት።

«ጉዳዩ ያለቀ ነው» አላት ሳጅን ኤርካሎ፣ ባጃጁ ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ። «ማሽኑ ጋዝ አፍስሷል። የቧንቧ መገጣጠሚያውን የሸጠው ቡሽራ የሚባል ነጋዴ ነው፤ የውኃውን ለጋዝ ብሎ ሸጦለታል። ትናንት ይዘነዋል። የቀበሌው ሰዎችም ማሽኑ እንዲነቀል ተስማምተዋል።»

«መገጣጠሚያውን አየኸው?»

«ሚስትየው ነገረችን።»

«አየኸው ወይ ነው ያልኩህ።»

ኤርካሎ ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ።

ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሏል። ሴቶቹ መሬት ላይ ክብ ሠርተው እማማ ፋንታዬን መሐል አድርገዋቸዋል። አሮጊቷ ደረታቸውን እየመቱ በወላይትኛ አንድ ቃል ይደጋግማሉ፤ ሴቶቹ እያለቀሱ ይቀበሏቸዋል። የትምወርቅ ጥቂት ቆማ ሰማች። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ወደ ማሽኑ ክፍል ገባች።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ በር፣ አንድ ትንሽ መስኮት። የወለሉ ስሚንቶ ላይ ሰማያዊ የፕላስቲክ ምንጣፍ ተነጥፏል። ሁለቱ ግራጫ ሣጥኖች ጎን ለጎን ቆመዋል። መዳፏን አንደኛው ላይ አሳረፈች፣ ከዚያ በሌላው፣ ከዚያ በውኃው በርሜል ላይ። ሁሉም ቀዝቃዛ ነው።

«ከትናንት ወዲህ ማሽኑን የነካ አለ?»

«የለም። ስመጣ እንዲሁ ነበር። በሩን ያሸግሁት እኔ ነኝ።»

ግድግዳው ላይ ሁለት ብሎኖች ባዶአቸውን ተተክለዋል፤ የሆነ ነገር ተሰቅሎባቸው ነበር። ፍራሹ ከክፍሉ መሐል ተዘርግቷል። ነገር ግን ግድግዳው ሥር ያለው ምንጣፍ በፍራሹ ልክ ሰማያዊነቱን እንደያዘ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከፀሐይ ብዛት ገርጥቷል። የትምወርቅ ጎንበስ ብላ ፍራሹን ገለጠችው። ከሥሩ ፕላስቲኩ ሦስት ቦታ ቀልጦ ሰርጉዷል። ሦስቱም የጣት ጫፍ ያህል ናቸው፤ አንዱ ከሌላው አንድ ስንዝር ርቆ ሦስት ማዕዘን ሠርተዋል። ስንዝሯን ዘርግታ ለካችውና ፍራሹን እንደነበረ መለሰችው።

ከቤቱ ጀርባ የጋዙ ከረጢት ከእንሰቱ ተክል አጠገብ አለ። ሊፈነዳ እንደደረሰ ተወጥሯል። በጣቷ ብታንኳኳው እንደ ከበሮ ጮኸ።

ሩታን ጓዳ ውስጥ አነጋገረቻት። ሩታ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ጥቁር ለብሳለች፤ ሁለቱም መዳፎቿ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልለዋል።

«እጅሽን ምን ነካው?»

«ሻይ ፈሰሰብኝ።»

«ሁለቱም ላይ?»

«ሁለቱም ላይ።»

«በሩን ስትከፍቺ ምን አየሽ?»

«መጀመሪያ ሽታው ነው። የጋዝ ሽታ ወጋኝ። ከዚያ እሱ… ተኝቷል።»

«ማሽኑስ ይሠራ ነበር?»

«ይሠራ ነበር። እሱ ነው የገደለው።» ሩታ ቀና አለች። «ይነቀልልኝ፣ ኢንስፔክተር። ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም። ዛሬውኑ ተነቅሎ ይውጣልኝ።»

የትምወርቅ ስትወጣ ትናንት ኤልሳዕ ፊት ላይ ውኃ የረጨችውን ጎረቤት ፈልጋ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች፤ «ምንም አልሸተተኝም። ፊቱን አቅፌው ነበር እኮ፣ የሚሸት ነገር ቢኖር አጣው ነበር?»

ቡሽራ ጣቢያ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘችው። አባቱ ከስልጤ መጥተው እዚህ ሱቅ ከከፈቱ በኋላ ሶዶ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ ከኤልሳዕ ጋር ከአንደኛ ክፍል እስከ አሥረኛ አንድ ወንበር ላይ ተምረዋል።

«ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?» አለ፣ ሰላምታዋን ሳይመልስ።

«ስምንት ሰዓት።»

«አሁን ስንት ነው?»

«ሰባት ተኩል።»

አንገቱን ደፋ። «መገጣጠሚያውን የሸጥኩለት ለውኃው ነው። የጋዙን ከአዲስ አበባ ራሱ አመጣ፤ ‹ያንተን በጋዝ አላምነውም› ብሎ ስቆብኛል። የጋዝ ማንቂያውን ግን እኔ ነኝ ያስመጣሁለት። መርዙ ሲሸተው የሚጮህ ዕቃ ነው። እሱ ካለ ለምን አልጮኸም? ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩት ይሄን ነው።»

«ማንቂያው የት ተሰቅሎ ነበር?»

«ማሽኑ ፊት ለፊት፣ ግድግዳው ላይ።» ቀና ብሎ አያት። «ፍረዱብኝ፣ ግዴለም። አፈር ሳላለብሰው መቅረቴ ግን… ይሄን ማንም አይመልስልኝም።»

ቡሽራን ለመልቀቅ የሚያበቃ ማስረጃ ገና የትምወርቅ እጅ አልገባም ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ የቀብሩ መዝሙር ከሩቅ ሲሰማ፣ ቡሽራ ከአግዳሚው ተነስቶ እስኪያልቅ ድረስ ቆመ።

ቅዳሜ ጠዋት የኤልሳዕን የሥራ ባልደረባ ዶክተር ኃይለመስቀልን ቢሮው ድረስ ሄዳ አገኘችው። ቀጭን፣ መነጽሩን ደጋግሞ የሚጠርግ ሰው ነው።

«ማሽኑ ሐሙስ ጠዋት ይሠራ ነበር?»

«ይመስለኛል።»

«ሲሠራ ቆይቶ ቢጠፋ በስንት ጊዜ ይበርዳል?»

«ፊውል ሴሉ እንኳ ቀስ ብሎ ነው። አንድ ቀን፣ ከዚያም በላይ።»

«እኔ አርብ ጠዋት ስነካው ድንጋይ ነበር። ከረጢቱ ደግሞ ሊፈነዳ ደርሷል። ከእሱ የሚመገብ ማሽን ቢኖር እንዲያ ይወጠራል?»

ኃይለመስቀል መነጽሩን አወለቀ። መሳቢያውን ከፍቶ ጠርዙ የተበላ ደብተር አወጣ። የኤልሳዕ የሥራ ማስታወሻ ነው፤ ሐሙስ ለቅሶ ሊደርስ ሲመጣ ከማሽኑ ክፍል ደጃፍ አንስቶ ደብቆታል። የመጨረሻው ገጽ የሰኞ ነው።

«ማሽኑን አቁሜያለሁ። ማሸጊያው ላልቷል፤ አዲሱ እስኪመጣ አይነሳም። ማንቂያውን ነቅዬ እማዬ ማድቤት ሰቅያለሁ። ማሽኑ እስከቆመ ድረስ እዚህ ሥራ የለውም፤ እሷ ግን ከሰሉን አልተወችም።»

«ይሄን ለምን ደበቁት?»

«ማሸጊያው ደህና ነው ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሊጎበኙን የሚመጡ እንግዶች ነበሩ፤ አጣደፍኩት። ማሽኑ ገደለው ሲባል፣ ሐሙስ ጠዋት ለሙከራ መልሶ አስነስቶት ይሆናል፣ ከዚያ በላላው ማሸጊያ በኩል… ብዬ አሰብኩ። እኔ የገደልኩት መሰለኝ።» አፉን በእጁ ሸፈነ። «እስከ አሁን ይመስለኛል።»

«ከረጢቱ ሙሉ ነው፣ ዶክተር። ኤልሳዕ አላስነሳውም።»

ከዚያ በቀጥታ ወደ ዳሞታ ግርጌ ተመለሰች። ማድቤቱ ከቤቱ ተለይቶ የቆመ፣ ግድግዳው የተሰነጣጠቀ ጎጆ ነው። ማንቂያው ከምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። ቁልፉን ስትጫነው ጩኸቱ ግቢውን ሞላው፤ ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሁሉ ደንግጠው ዞሩ። ዕቃው ደህና ነው። ምድጃው በሚቀመጥበት ቦታ ግን አመድ ብቻ ነው ያለው። ምድጃ የለም።

እማማ ፋንታዬን ልታነጋግር ስትጠይቅ ሩታ ከአጠገባቸው አልተለየችም።

«አማርኛ ብዙ አይችሉም» አለች። «እኔ አስተረጉማለሁ።»

«መልካም። ሐሙስ ጠዋት ልጃቸውን አይተውት እንደነበር ጠይቂልኝ።»

አሮጊቷ ጥያቄውን ሰምተው ረጅም ተናገሩ። አላለቀሱም። እየተናገሩ እጃቸው የሆነ ነገር ከመሬት አንስቶ እንደሚያስቀምጥ ሆነ፤ ቀጥሎ በር ገፋ አድርጎ እንደሚዘጋ።

«ምን አሉ?»

ሩታ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ጥሩ ልጅ ነበር ነው የሚሉት።»

«ይሄ ሁሉ?»

«ብርድ እንዳይመታው ይሰጉ ነበር። ሌላ የለም።»

እማማ ፋንታዬ ፊታቸውን ወደ ምራታቸው አዞሩና አንድ አጭር ነገር ተናገሩ። ሩታ አቀረቀረች። እሱን ጨርሶ አልተረጎመችውም። የትምወርቅ እርሳሷን ከወረቀቱ ላይ አንስታ፣ ሁለቱን ሴቶች ለጥቂት ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ብድግ ብላ ወጣች።

እንሰቱ ውስጥ የገባችው ከኤርካሎ ጋር ነው። ፍለጋው ብዙ አልፈጀም። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የደረቀ ኮባ ከሚገባው በላይ ተከምሯል። ኤርካሎ በእግሩ ገፋ ሲያደርገው የብረት ከሰል ምድጃ ወጣ፤ ሦስት እግር ያለው።

«ኢንስፔክተር» አለ ኤርካሎ፣ ፊቱ ጠቁሮ፣ «ሚስቱ ናት?»

«ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁሉንም ሰብስብልኝ። ቡሽራንም አምጣው።»

እሑድ ከሰዓት ሳሎኑ ውስጥ ተቀመጡ። ኃይለመስቀል በሩ አጠገብ ነው። ቡሽራ ከኤርካሎ ጎን፣ ሩታ ከመስኮቱ ሥር። የትምወርቅ ገና አልተቀመጠችም።

«እማማ ፋንታዬንም ጥሩልኝ።»

ሩታ ከወንበሯ ተነሳች። «እሳቸው ምን ያደርጋሉ? ይረፉ፣ እባክዎ። የሚናገሩትን እንኳ አያውቁም።»

«ያውቃሉ፣ ልጄ። ከሁላችንም በላይ ያውቃሉ።»

አሮጊቷን ሁለት ሴቶች ደግፈው አስገቧቸውና ወጡ። የትምወርቅ ወንበር አቀረበችላቸው፤ እሳቸው ግን ምንጣፉ ላይ መቀመጥ መረጡ።

«ከማሽኑ ልጀምር» አለች የትምወርቅ። «ማሽኑ ማንንም አልገደለም። ሰኞ ቆሟል። ኤልሳዕ በጽሑፉ ብሎታል፣ የተወጠረው ከረጢትም ይመሰክራል። ስለዚህ መገጣጠሚያውም፣ ማሸጊያውም ከዚህ ሞት ጋር አይገናኙም። አቶ ቡሽራ፣ ነፃ ነዎት። ቀብሩን ልመልስልዎ ግን አልችልም።»

ቡሽራ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ።

«መርዙ ከየት መጣ? ክፍሉ ውስጥ የሆነ ነገር ነዷል። ከምንጣፉ ላይ ሦስት የቀለጡ ነጥቦች አገኘሁ፤ እንሰቱ ውስጥ ከተደበቀው ምድጃ ሦስት እግሮች ጋር ልክ ገጠሙ። ፍራሹ ከግድግዳው ሥር ተነስቶ መሐል የመጣው ነጥቦቹን ለመሸፈን ነው። ማንቂያው ያልጮኸው ማድቤት ስለነበር ነው። ኤልሳዕ ከክፍሉ አንስቶ እናቱን እንዲጠብቅለት ሰቀለው።»

የሩታ ትንፋሽ ይሰማ ነበር።

«ምድጃውን ማን ደበቀ? ሻይ ሲፈስ አንድ እጅ ያቃጥላል። ሁለት መዳፍ እኩል የሚቃጠለው የጋለ ነገር በሁለት እጅ ሲያነሱ ነው። የሸሸግሽው አንቺ ነሽ፣ ሩታ። ማሽኑ ይሠራ ነበር ያልሽውም፣ ጋዝ ሸተተኝ ያልሽውም ሐሰት ነው። የገደለው ጋዝ አይሸትም፤ ከረጢቱም አላፈሰሰም።»

«አንቺ…» ኤርካሎ ተነሳ።

«ተቀመጥ፣ ሳጅን። ደበቀች አልኩ እንጂ አስገባች አላልኩም። ሐሙስ ጠዋት ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ትምህርት ቤት ነበረች፤ አርባ ተማሪ አይቷታል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው። ይህች ሴት ባሏን ትወደው ነበር። ታዲያ እሱን ገና ሳትቀብር የሕይወቱን ሥራ ልትቀብርለት ለምን ቸኮለች? ማሽኑ ጥፋተኛ ሆኖ እንዲገኝ ይህን ያህል የፈለገችው ለማን ብላ ነው?»

የትምወርቅ ወደ ምንጣፉ ዝቅ ብላ ከአሮጊቷ ፊት ተንበረከከች። ከዚያ በጠራ ወላይትኛ እንዲህ አለቻቸው፦

«እማማ፣ እኔ እዚሁ ወላይታ ውስጥ፣ ቤሌ ነው ያደግሁት። አባቴ እዚያ አስተማሪ ነበር። ትናንት ያሉትን ሁሉ ሰምቻለሁ። አሁን ለእነዚህ ሰዎች ይድገሙልኝ፤ እኔ ነኝ የማስተረጉምልዎት።»

ሩታ እንደተመታ ሰው ጮኸች። እማማ ፋንታዬ ግን እጃቸውን ዘርግተው የትምወርቅን ጉንጭ ነኩ። ሦስት ቀን ሙሉ የሚሰማ ጆሮ ፈልገው ነበር። መናገር ጀመሩ፤ የትምወርቅ ቃል በቃል ወደ አማርኛ መለሰችው።

«ጠዋት ለቁርሱ የተቀቀለ የቦዬ ሥር ይዤለት ሄድኩ። ገና ጎህ ሳይቀድ ጀምሮ ሲሠራ ደክሞት ተኝቷል። እግሩ ተገልጧል። ቤቱ ማሽኑ ከቆመ ወዲህ በርዷል። ልቀስቅሰው አልኩና አሳዘነኝ። ምድጃዬን አምጥቼ አጠገቡ አስቀመጥኩ። መስኮቱን ዘጋሁ። ንፋስ እንዳይመታው ከበሩ ሥር ጆንያ ወሸቅሁ። ከሰል በዝግ ቤት እንደሚገድል ነግሮኛል፤ አንዴ አይደለም፣ መቶ ጊዜ ነግሮኛል። ክፍሉ ሞቅ እስኪል ብቻ ነው፣ አሁን መጥቼ አወጣዋለሁ አልኩ። ማድቤት ሳልደርስ የጎረቤት ምራት ምጥ ያዛት ብለው ጠሩኝ። ሄድኩ። ልጁ ተጣሞ ነበር፣ ብዙ አስቸገረን። ረሳሁት። ልጄን ረሳሁት።»

የትምወርቅ የአሮጊቷን እጅ ይዛ ወደ ሌሎቹ ዞረች።

«ትናንት ሩታን በመጨረሻ ያሏት» አለች ቀስ ብላ፣ «‹ሁሉንም ንገሪያት› ነው።»

ሩታ ከወንበሯ ወርዳ ምንጣፉ ላይ ነበረች። አሁን የሚደበቅ ነገር የለም።

«በሩን ስከፍት ወዲያው ገባኝ» አለች። «ትንፋሽ አልነበረውም። ምድጃውን አየሁት፣ ጆንያውን አየሁት። ልጮህ ስል የእሳቸውን ድምፅ ሰማሁ። ከመንገድ እየዘመሩ ይመጣሉ። ወንድ ልጅ ተወልዶ ደስ ብሏቸው እየዘመሩ። እንዴት አድርጌ… ምድጃውንና ጆንያውን አንስቼ ሮጥኩ። ተመልሼ ፍራሹን ከነእሱ ወደ መሐል ጎተትኩት፤ ከዚያ ነው የጮህኩት። ማቃጠሉ እንኳ አልታወቀኝም። እሳቸው ሲገቡ ምድጃው ከሌለ፣ ምናልባት ሌላ ነገር ነው የገደለው ብዬ አሳምናቸዋለሁ አልኩ። ‹ማሽኑ ነው፣ ፖሊስም እንዲያ ብሏል› እያልኩ ቀን ከሌት ነገርኳቸው። አላመኑኝም። ማሽኑ ቢነቀል ያምኑኝ ነበር።» ወደ ቡሽራ ዞረች። «አንተን ይይዙሃል ብዬ አላሰብኩም። ከያዙህ በኋላ ደግሞ መመለሻው ጠፋኝ። ይቅር በለኝ አልልህም።»

«ለእናቱ ብለሽ ነው» አለ ቡሽራ። «እሱም ቢሆን ይሄንኑ ያደርግ ነበር።»

ኤርካሎ ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ ቆሞ ነበር። ወላይትኛ የአፍ መፍቻው ነው።

«እኔም ሰምቼ ነበር» አለ፣ ማንንም ሳያይ። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ‹ገደልኩት፣ ልጄን ገደልኩት› ሲሉ ሰምቻለሁ። ድንኳኑ ሁሉ ሰምቷል። የትኛዋ እናት እንዲያ አትልም? ለቅሶ መስሎኝ ነው።»

እማማ ፋንታዬ እጃቸውን አጣምረው ወደ እሱ ዘረጉ፤ እንዲያስራቸው ነው። ኤርካሎ ጎንበስ ብሎ ሁለቱን የተጣመሙ እጆች ሳማቸውና ወጥቶ ከድንኳኑ ኋላ አለቀሰ።

መዝገቡ ለመዘጋት ሁለት ወር ፈጀ። ዐቃቤ ሕግ ወረቀቶቹን መርምሮ ክስ አላቀረበም፤ በሩታም ላይ፣ በእናትየውም ላይ። ኃይለመስቀል ስለ ፊርማው ለአለቆቹ በጽሑፍ ተናዘዘ፤ ከዚያ አዲሱን ማሸጊያ በገዛ እጁ ገጥሞ፣ ማንቂያ ሰቅሎ፣ ማሽኑን አስነሳው። ቡሽራ ዓርብ ዓርብ ከመስጊድ ሲወጣ መቃብሩ ጋ ይሄዳል ይባላል።

በነሐሴ መጨረሻ የትምወርቅ የውሳኔውን ደብዳቤ ይዛ ዳሞታ ግርጌ ወጣች። ቤቱ ሞቋል። ግድግዳውን ስትነካው እንደ ሰው ገላ ነው። ውስጡ ግን ማንም የለም። እማማ ፋንታዬ መኝታቸውን ወደ ማድቤቱ ካወጡ ቆይተዋል፤ «ያ ሙቀት ለእኔ አይገባም» ብለው እንቢ አሉ። ሩታ ለመነች፣ አለቀሰች፤ በመጨረሻ የራሷን ፍራሽ ተሸክማ ከጎናቸው አነጠፈች። ሁለቱ ሴቶች በዚያ ክረምት በብርዱ ተቃቅፈው ነው የከረሙት።

የትምወርቅ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ደብዳቤውን በወላይትኛ አነበበችላቸው። እማማ ፋንታዬ ጆሯቸውን አዘንብለው ሰሙ።

«እኔ እንዳደረግሁት ይላል?»

«ይላል።»

«ደግ ነው። ሌላስ ምን ይላል?»

«ሆን ብለው እንዳላደረጉት ይላል።»

«እሱን አውቃለሁ።» ሩታ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከለችላቸው። «እሱስ? ልጄ ሳይነቃ ነው የሞተው?»

«ሐኪሙ እንዳለው አልነቃም፣ እማማ። ከእንቅልፉ ሳይነቃ ነው ያለፈው።»

እማማ ፋንታዬ ፊታቸውን ወደ ተራራው አዞሩ።

«እንግዲያ» አሉ፣ «ላሞቀው ብዬ እንደገባሁም አያውቅም።»